አየርን የለካው መሐንዲስ
የዊሊስ ካሪየር ሕይወትና የቤት አየር ማቀዝቀዣ የድካም ምልክቶች

ዊሊስ ሀቪላንድ ካሪየር ወልድያን አላየም፤ የሐብሩንም ቆላ አልረገጠም። ይሁን እንጂ ከወልድያ ወይና ደጋ ተነሥቶ በደሴ መንገድ ወደ መርሳ የወረደ፣ ወይም በሐራ በኩል ወደ ጭፍራና ወደ ሚሌ ያቀና መንገደኛ በግንቦት ወበቅ መካከል ቀዝቃዛ ክፍል ቢያገኝ፣ ያ ክፍል የቀዘቀዘው ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ባሰፈረው ስሌት ነው። ዛሬ በየግድግዳው የሚሰቀለውን፣ ሕዝቡ በአጭሩ ኤሲ የሚለውን የቤት አየር ማቀዝቀዣ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። የሚሠሩበት ሕግ ግን አንድ ነው፤ ያንንም ሕግ ለመሐንዲስ በሚጠቅም መልክ የጻፈው እሱ ነው።

የዚህን ሰው ሕይወት ማንሣቱ ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። በቆላ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ ማቀዝቀዣ መግዛት ከባድ ወጪ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ የተቃጠለ እንደ ሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማስጠገን ይልቅ አዲስ መግዛት ይቀላል። ለአራስ፣ ለሕመምተኛ፣ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀመጥ ተብሎ ለተጻፈበት መድኃኒት የክፍሉ መቀዝቀዝ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ባለቤቱ ዘወትር የሚናገረው ዕቃው ድንገት ቆመብኝ ብሎ ነው። በእርግጥ ድንገት የሚቆመው ግን ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ከመቆሙ ከሳምንታት፣ አንዳንዱም ከወራት አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ የሚገለጸው በሙቀት፣ በርጥበትና በአየር ፍሰት ሲሆን፣ ካሪየር ዕድሜውን ሙሉ ሲለካ የኖረው እነዚህኑ ሦስቱን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካሪየር ኅዳር 26 ቀን 1876 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በኢሪ ሐይቅ አጠገብ በምትገኝ አንጎላ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1869 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ይኸውም አፄ ዮሐንስ በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ካደረጉ ስምንት ወር ያህል በኋላ ነው። አባቱ ገበሬ ነበረ፤ እሱም ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበረ። እናቱ ኤልሳቤጥ ሀቪላንድ የቤቱን ሰዓትና የስፌት መኪና ራሷ ፈትታ የምትጠግን ሴት ነበረች። ልጁ በትምህርት ቤት ክፍልፋይ ቁጥር አልገባው ባለ ጊዜ ከጓዳ ፖም አስመጥታ፣ አንዱን በሁለት፣ አንዱን በአራት፣ አንዱን በስምንት እየቆረጠች እንዲደምርና እንዲቀንስ አደረገችው። ይህ ታሪክ በየሕይወት ታሪኩ የማይቀር ነው፤ ካሪየርም ሸምግሎ ሳለ ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንኛውም ችግር መፍትሔ ማግኘት የሚቻል መስሎ እንደ ታየው ይናገር ነበር። እናቱ ግን እሱ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ሞተችበት።

በ1890ዎቹ አሜሪካን የመታው የኢኮኖሚ ቀውስ የአባቱንም እርሻ ስለ ጎዳው ወጣቱ ወዲያው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ አልቻለም። በመንደር ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ገንዘብም አጠራቀመ። በ1897 የነፃ ትምህርት ዕድል በውድድር አግኝቶ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ። የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ የሸፈነው ሣር በማጨድ፣ እሳት በማንደድና ከአንድ ባልንጀራው ጋር የተማሪዎችን ልብስ ለአጠባ በመሰብሰብ ነበር። በ1901 በመሐንዲስነት ተመረቀ።

የተቀጠረው በፋሎ ፎርጅ በተባለ ኩባንያ በሳምንት 10 ዶላር ደመወዝ ነበር። ኩባንያው ሥራውን የጀመረው የአንጥረኛ ምድጃና ወናፍ በመሥራት ሲሆን፣ ኋላ ወደ ትልልቅ ማራገቢያና ማሞቂያ ተሸጋግሮ ነበር። ለካሪየር መጀመሪያ ከተሰጡት ሥራዎች መካከል እንጨትና ቡና የሚያደርቅ የሙቅ አየር መሣሪያ መንደፍ ይገኝበታል። የቡናውን ነገር የእኛ አገር አንባቢ ሳይገረም አያልፈውም።

ወጣቱ መሐንዲስ ወዲያው አንድ ጉድለት አስተዋለ። በጊዜው አየር በእንፋሎት ቧንቧዎች መካከል ሲነፍስ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወስድ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ነዳፊዎቹ በግምት ይሠሩ ነበር፤ ግምቱ እንዳያሳፍራቸውም ከሚያስፈልገው በላይ ይጨምሩበት ነበር። ካሪየር ማታ ማታ እየሠራ የአየሩን ፍጥነት፣ የቧንቧውን ሙቀትና የሚተላለፈውን የሙቀት መጠን አያይዞ ሠንጠረዥ አወጣ። ሠንጠረዡም ኩባንያውን በአንድ ክረምት 40 ሺህ ዶላር ያህል ከብክነት አዳነው፤ ለካሪየርም የራሱ የምርምር ክፍል ተከፈተለት።

ያ ሠንጠረዥ ያስተማረው ነገር ዛሬ በመርሳ ለሚኖር የቤት ባለቤት የመጀመሪያው ምልክት ነው። በቧንቧና በአየር መካከል የሚተላለፈው ሙቀት በሚያልፈው አየር መጠን ይወሰናል። በበጋ የመንገዱና የእርሻው አቧራ በማጣሪያው ላይ ሲነባበር ማራገቢያው እየዞረ አየር ግን አያልፍም። እንዲህ ሲሆን ከውስጠኛው ክፍል የሚወጣው አየር በእጅ ሲዳሰስ እጅግ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ነገር ግን ትንሽ ነው፤ ክፍሉም አይቀዘቅዝም። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ባለቤቱ ቀዝቃዛ ነፋስ ስለ ተሰማው ዕቃው ደኅና ነው ብሎ ይተወዋል። ቀጥሎ በቧንቧው ላይ በረዶ ይጋገራል፤ በረዶው አየሩን ጨርሶ ይዘጋዋል። ወደ ተን ሳይለወጥ የቀረው ፈሳሽ ጋዝም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ኮምፕሬሰር የተሠራው ተን ለመጭመቅ ነው፤ ፈሳሽ አይጨመቅምና ቫልቩ ይሰበራል። ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ በውሃ ማጠብ ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው እሱ ነው።

ካሪየርን ለዝና ያበቃው ሥራ የመጣው በ1902 ነው። በብሩክሊን የሚገኝ ሳኬት ዊልሄልምስ የተባለ ማተሚያ ቤት ባለቀለም ሥዕል ያትም ነበር። እያንዳንዱ ቀለም በተራ ስለሚታተም ወረቀቱ በአንዱ ቀለምና በሌላው መካከል መጠኑን መለወጥ የለበትም። በበጋ ግን ወረቀቱ የአየሩን ርጥበት እየጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ ቀለሞቹም አንዱ በአንዱ ላይ ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ሐምሌ 17 ቀን 1902፣ ማለትም ሐምሌ 10 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ካሪየር የነደፈው ፕላን ተጠናቀቀ። ፕላኑ ዓመቱን ሙሉ የክፍሉ አንጻራዊ ርጥበት 55 ከመቶ እንዲሆን የሚያደርግ ነበር። የማቀዝቀዝ ኃይሉም በቀን ወደ 49 ሺህ ኪሎ ግራም የሚጠጋ በረዶ ከማቅለጥ ጋር የሚተካከል ነበር።

እዚህ ላይ ፍርዱን ማስተካከል ይገባል። አየርን በመኪና ያቀዘቀዘ የመጀመሪያው ሰው ካሪየር አይደለም። የፍሎሪዳው ሐኪም ጆን ጎሪ የበሽተኞቹን ክፍል ለማቀዝቀዝ ሲደክም ቆይቶ በ1851 ለበረዶ መሥሪያ መኪና የባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። የካሪየር አዲስነት ማቀዝቀዙ ሳይሆን ርጥበቱን በስሌት አስቀድሞ መወሰኑ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ብርድን ያመርቱ ነበር፤ እሱ ግን አየርን በልክ ያዘጋጅ ጀመር።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ካሪየር በፒትስበርግ የባቡር ጣቢያ ቆሞ ባቡር ይጠብቅ ነበር። ቦታው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ጉም ማለት በርጥበት የጠገበ አየር ነው፤ ይሁን እንጂ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው የውሃ መጠን ትንሽ ነው። ካሪየር ይህን እያየ፣ አየርን በቀዝቃዛ ውሃ ፍንጣቂ ውስጥ አሳልፎ እንደዚህ ጉም ቢያጠግበው፣ የውሃውን ሙቀት በመወሰን ብቻ የአየሩን የውሃ መጠን ሊወስን እንደሚችል ተገነዘበ። አየርን በውሃ ማድረቅ ማለት ነው፤ ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ይመስል ነበር። በጥር 1906 ለዚህ ፈጠራ የባለቤትነት መብት ተሰጠው። የአየር ማመቻቸት የሚለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ ግን በዚያው ዓመት ያወጣው እሱ ሳይሆን በሰሜን ካሮላይና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች መሐንዲስ የነበረው ስቱዋርት ክሬመር ነው።

የቆላ ሰው ይህን ነገር በተግባር ያውቀዋል። በጥላ ሥር የተቀመጠ የሸክላ እንስራ ውሃው የሚቀዘቅዘው በሸክላው ቀዳዳ የሚሰርገው ርጥበት ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ጫፉ በርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትርም ልክ እንደ እንስራው ይቀዘቅዛል፤ በእሱና በደረቁ ቴርሞሜትር መካከል ያለው ልዩነት አየሩ ምን ያህል ደረቅ እንደ ሆነ ይናገራል። ሦስተኛው መለኪያ የጤዛ ነጥብ ነው፤ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄዶ የያዘውን ውሃ መልቀቅ የሚጀምርበት ሙቀት ማለት ነው። ሌሊት በሣር ላይ የሚያድረው ጤዛና ከማቀዝቀዣው ቱቦ የሚንጠባጠበው ውሃ አንድ ነገር ናቸው።

ስለዚህ ውሃው ሁለተኛው ምልክት ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ አየሩ በርጥበት በተሞላበት ወራት፣ ደኅና ማቀዝቀዣ በውጭ በተዘረጋው ቱቦ ውሃ ማንጠባጠብ አለበት። ቀድሞ ያንጠባጥብ የነበረው በዚያው ወራት ቢያቆም ቧንቧው ወደ ጤዛ ነጥብ አልወረደም ማለት ነው፤ ያውም ቱቦው ካልተደፈነ። ከተደፈነ ደግሞ ውሃው በቤት ውስጥ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። በታኅሣሥና በጥር ግን አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ ውሃ አለመታየቱ ሕመም አይደለም። ክፍሉ ቀዝቅዞ ሳለ ሰውነትን የሚያጣብቅ፣ ልብስንም የሚያረጥብ ወበቅ ከቀረ፣ ዕቃው ሙቀቱን እንጂ ርጥበቱን ማውጣት አልቻለም፤ ይህም ከድካም ወይም ለክፍሉ ከሚገባው በላይ ትልቅ ዕቃ ከመግዛት የሚመጣ ነው።

በታኅሣሥ 1911 ካሪየር ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ስለ አየርና ስለ ውሃ ተን ዝምድና ያዘጋጀውን የጥናት ጽሑፍ አቀረበ። የደረቁን ሙቀት፣ የርጥቡን ሙቀት፣ አንጻራዊውን ርጥበትና የጤዛውን ነጥብ በአንድ ገጽ ላይ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የሙያው መሠረት ሆነ። ከእነዚህ ሁለቱን ያወቀ ሌሎቹን ያገኛል። የካሪየር ሥራዎች ሁሉ ቢረሱ ይህ አንዱ ይበቃው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተለመደው ሠንጠረዥ የተሠራው ግን በባሕር ወለል ላለ የአየር ግፊት ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት አራተኛው ጥቂት ቢበልጥ ነው። በ1,600 ሜትር አካባቢ በምትገኘው በመርሳም ከአምስት አራት እጁ ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል ሠንጠረዥ የወልድያን አየር የሚያሰላ ቴክኒሺያን የውሃውን መጠን ይስታል። ዕቃውም ራሱ በዚሁ ይነካል። ማራገቢያው በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ስፋት አይለወጥም፤ ክብደቱ ግን በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ የአየሩ ክብደት ነው። የውጭው ክፍል ሙቀቱን ወደ ደጅ የሚጥለው በዚሁ ሳሳ ባለ አየር ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም በተለመደው የዓለም አቀፍ ደረጃ የሚለኩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠሩ ታስበው ነው። እንግዲህ በእኛ ከፍታ አዲስ ማቀዝቀዣ በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ቢሠራ አልታመመም፤ ሌላው ቦታ የወጣለትን ልክ እዚህ መጠበቅም ስሕተት ነው።

ከዚህ የተነሣ የሚበጀው ዘዴ ዕቃው በተተከለ ጊዜ፣ ገና ጤነኛ ሳለ፣ የራሱን ልክ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ማቀዝቀዣው በከፍተኛው ኃይል ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ አንድ ቴርሞሜትር አየር በሚገባበት በላይኛው ወገን፣ ሌላው አየር በሚወጣበት አፍ ላይ ይያዛል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይሆናል። በክረምት ርጥበት ከብርዱ ከፊሉ ውሃውን ለማውጣት ስለሚውል ልዩነቱ ይጠባል፤ የወሩም ስም አብሮ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በዚያው ወቅት 10 የነበረው ወደ 6 ከወረደ ጋዙ ጎድሏል ወይም ኮምፕሬሰሩ ደክሟል ማለት ነው። ያለ አግባብ ከሰፋ ደግሞ አየሩ ታንቋል።

ስለ ጋዙ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጋዝ እንደ ቤንዚን ነዶ አያልቅም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ይኖራል። በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላበት ማቀዝቀዣ በየዓመቱ የሚያፈስ ማቀዝቀዣ ነው። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የዘይት ወዝ ከታየ የሚያፈሰው በዚያ ነው፤ ዘይቱም የወጣው ከኮምፕሬሰሩ ነው። ጋዙ ሲጎድል ኮምፕሬሰሩ የሚቀዘቅዝበትን ያጣል፤ ረጅም ሰዓት ይሠራል፤ ቆጣሪውም ይሮጣል። ሳይፈልጉና ሳይደፍኑ ጋዝ ብቻ መሙላት ሕመሙን ሸፍኖ ማሳደር ነው።

በ1914 የአውሮፓ ጦርነት ሲጀመር በፋሎ ፎርጅ የምሕንድስናውን ክፍል ሊዘጋ ወሰነ። ካሪየርና ስድስት ባልንጀሮቹ ያላቸውን አዋጥተው፣ ከወዳጆቻቸውም ለምነው በሰኔ 1915 የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ከባልንጀሮቹ ዋነኛው አይርቪን ላይል ሲሆን፣ ካሪየርን ቀድሞ ያወቀውና ሥራውን ለገዢዎች ያስረዳ የነበረው እሱ ነበር። ካሪየር በስሌት ተመስጦ ምግቡን የሚረሳ ሰው ስለ ነበር፣ ያለ ላይል ኩባንያው ስለ መቆሙ መጠራጠር ይቻላል።

በዚያ ዘመን ብርድ የሚያመርቱት መኪናዎች ፒስተን ያላቸው፣ ግዙፎችና አብዛኛውን ጊዜ በአሞኒያ የሚሠሩ ነበሩ። አሞኒያ መርዝ ስለ ሆነ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ ማስገባቱ ያሰጋ ነበር። በ1922 ካሪየር በኒውዋርክ ያሳየው አዲስ ኮምፕሬሰር ጋዙን በሚሽከረከር መዘውር የሚጨምቅ፣ አነስተኛ ቦታ የሚይዝና አደጋው የቀለለ ጋዝ የሚጠቀም ነበር። በ1924 በዲትሮይት ሀድሰን የተባለው ትልቅ መደብር፣ በ1925 ደግሞ በኒው ዮርክ የሪቮሊ ሲኒማ ቤት በዚህ መኪና ቀዘቀዙ። በሪቮሊ የመጀመሪያ ምሽት ሕዝቡ እንደ ልማዱ የእጅ ማራገቢያ ይዞ ገብቶ ነበር። ዕቃው ዘግይቶ ስለ ተነሣ ካሪየርና ባልደረቦቹ ከኋላ ቆመው ያ ሁሉ እጅ ሲወዛወዝ በጭንቀት ይመለከቱ ነበር፤ ኋላ ግን ማራገቢያዎቹ አንድ በአንድ እየወረዱ በየጭኑ ላይ ዐረፉ። ካሪየር በዚያ ምሽት ያነበበው ቴርሞሜትር የሰዎቹ እጅ ነበር ለማለት ይቻላል።

ኮምፕሬሰሩ ዛሬም የዕቃው ልብ ነው፤ የሚሞተውም ከሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለውም የሌላው ክፍል ጉድለት ነው። ቀድሞ በጸጥታ ይነሣ የነበረው ሲነሣ መብራቱን የሚያደበዝዝ ከሆነ፣ እያጓራ ሳይነሣ ጥቂት ቆይቶ ቀጭ ብሎ የሚቆም ከሆነ፣ ወይም ብሬከሩን ደጋግሞ የሚጥል ከሆነ ጊዜው አጭር ነው። እንዲህ ሲሆን በመጀመሪያ መታየት ያለበት ካፓሲተሩ ነው። ያበጠ ካፓሲተር በጥቂት ገንዘብ ይለወጣል፤ ሳይለወጥ ከቀረ ግን ሞተሩን ያቃጥላል። ብሬከሩ ሲወድቅ በትልቅ ብሬከር መተካት በየከተማው የሚታይ አደገኛ ልማድ ነው፤ የሚጮኸውን ጠባቂ አፍኖ እንደ መተኛት ይቆጠራል፤ ቤትም ያቃጥላል። የብረት መፋተግ ድምፅ፣ የተቃጠለ ሽፋን ሽታ፣ በየደቂቃው መነሣትና መቆም ዕቃውን ወዲያው አጥፍቶ ባለሙያ ለመጥራት በቂ ምክንያቶች ናቸው።

በእኛ አገር ሁኔታ ከዕቃው ዕድሜ ይልቅ የመብራቱ ጠባይ ይበልጥ ይጎዳል። የሞተር ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይወርዳል። 220 ቮልት የነበረው ወደ 180 ቢወርድ የሞተሩ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ጎታቹ ሸክም ግን ያው ስለ ሆነ ሞተሩ ብዙ ከረንት እየሳበ ይግላል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣም ሌላ አደጋ አለ። ኮምፕሬሰሩ በቆመ ጊዜ በሁለቱ ወገን ያለው የጋዝ ግፊት እስኪተካከል ሦስት ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በፊት ቢነሣ በሙሉ ግፊት ላይ ይገፋል። አዳዲሶቹ ዕቃዎች ይህን ራሳቸው ይጠብቃሉ፤ ለአሮጌዎቹ ግን የሚያዘገይ ስታቢላይዘር መግዛት ወይም በእጅ አጥፍቶ መቆየት ግድ ነው።

ካሪየር ራሱም ከውድቀት አላመለጠም። በወጣትነቱ በሚዙሪ፣ ክሪስታል ሲቲ ለሚገኝ የመስተዋት ፋብሪካ የተከለው የጋዝ ማጣሪያ የተባለለትን ያህል አልሠራም። ከጭንቀት የተነሣ እንቅልፍ አጣ። በኋላ ግን ሊደርስ የሚችለው ከሁሉ የከፋው ነገር ምን እንደ ሆነ አሰበ፤ እሱም የ20 ሺህ ዶላር ኪሣራ ነበር። ያንን በልቡ ተቀብሎ ካደረ በኋላ አእምሮው ተከፈተለት፤ ለተጨማሪ መሣሪያ 5 ሺህ ዶላር ወጪ ቢደረግ ማጣሪያው እንደሚሠራ አገኘ፤ ኩባንያውም በኪሣራው ፈንታ 15 ሺህ ዶላር አተረፈ። ዴል ካርኔጊ ይህን ታሪክ በ1948 ባወጣው መጽሐፍ ስላስገባው፣ ካሪየር የማቀዝቀዣ ነገር በማያውቁ ሰዎች ዘንድ ጭምር ታወቀ።

ይህ አካሄድ አሮጌ ማቀዝቀዣ ለያዘ ሰውም ይሆናል። ዕቃው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ከሠራ፣ የጠፋውም ኮምፕሬሰሩ ወይም በቀላሉ የማይደፈን ቧንቧ ከሆነ፣ የከፋው ነገር አዲስ መግዛት እንደ ሆነ ተቀብሎ ሒሳቡን ከዚያ መጀመር ይሻላል። የጋዙም ዓይነት ይቈጠራል። በአሮጌዎቹ ውስጥ ያለው አር 22 የምድርን የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮችም እስከ 2030 ከአገልግሎት እየወጣ ያለ ነው፤ ስለዚህ ለሚያፈስ የአር 22 ዕቃ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም። በአዳዲሶቹ የሚገኘው አር 32 ደግሞ በመጠኑ ሊቀጣጠል የሚችል ስለ ሆነ፣ በአሮጌ ዕቃ ውስጥ አር 32 ሞላሁ የሚል ጠጋኝ መባረር አለበት። ማጣሪያ፣ ካፓሲተር፣ የማራገቢያ ሞተር፣ የተደፈነ ቱቦ ግን ሞት አይደሉም፤ ለእነዚህ ሲባል ደኅና ዕቃ የሚጥል ሰው ብዙ ነው።

ካሪየር ለቤት የሚሆን ማቀዝቀዣ ያቀረበው በ1928 ነው። የሚቀጥለው ዓመት የገንዘብ ቀውስ ግን ገዢውን አጠፋው። በ1930 ኩባንያው ከሌሎች ሁለት ጋር ተዋሐደ፤ በ1937 ወደ ሲራኪዩስ ከተማ ተዛወረ። በ1939 በኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ትርዒት ላይ በበረዶ ቤት ቅርጽ የተሠራ ትልቅ አዳራሽ አቆመ፤ ሕዝቡም በበጋ እየገባ ብርዱን ይቀምስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን በከፍታ የሚያጋጥመውን ብርድ በምድር ላይ ለመፍጠር የተሠራው የክሊቭላንድ የነፋስ ዋሻ የማቀዝቀዣ ክፍል የእሱ ሥራ ነበር፤ ራሱም ከሥራዎቹ ሁሉ አስቸጋሪው ይህ እንደ ነበረ ይቈጥረው ነበር። በስሙ የተመዘገቡት ፈጠራዎች ከ80 ይበልጣሉ። ሦስት ጊዜ አግብቶ ሁለቱ ሚስቶቹ ቀድመውት ሞተዋል፤ ሁለት ልጆችም በማደጎ አሳድጓል።

በ1948 ልቡ ስለ ደከመ ከኩባንያው ሥራ ተሰናበተ። ጥቅምት 7 ቀን 1950፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 27 ቀን 1943 ዓ.ም.፣ ሰባ አራተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሳምንታት ሲቀሩት በኒው ዮርክ ከተማ ዐርፎ በበፋሎ ተቀበረ። ያን ጊዜ በአገሩ በአሜሪካ እንኳ በቤቱ ማቀዝቀዣ ያለው ቤተሰብ በጣም ጥቂት ነበረ።